በማስታወስ ችሎታቸው ላይ እምነት ያጡ እናትን በሥልጠና መርዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰብለ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆነው ወርኃዊ መዋጮ ሲመዘግቡ፣ የቀሪዎችን ስም ሲይዙ፣ ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት በአንድ ስብሰባ ላይ ለብዙ ዘመን የሚያውቋቸውን ጎረቤት ስም ሊጠሩ ሲሉ ጠፍቶባቸው በሰው ፊት ዝም ብለው ቀሩ። ከተሰብሳቢው መካከል አንዱ «እትዬም አረጁ እንግዲህ» ሲል የሚስቅ ሳቀ። እናቴ በማግስቱ መዝገቡን ለእድሩ ሰብሳቢ አስረከቡ።

ለጥንቃቄ ብለን ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው የደም ምርመራ ተደርጎላቸዋል፤ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚለካውንም ፈተና ወስደው ውጤቱ ለዕድሜያቸው ጤናማ መሆኑ ተነግሮናል። እርሳቸው ግን ውጤቱን አልተቀበሉትም። ስልክ ሲደወል «አንቺ አነጋግሪ፤ እኔ የሚሉኝን አልይዘውም» ይላሉ። ብቻቸውን ገበያ መውጣት ትተዋል። አንድ ነገር ሲጠየቁ ለማስታወስ እንኳ ሳይሞክሩ «እኔ ምኑን አውቄው፣ ጃጅቻለሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። ይህን የሚሉት ግን መጀመሪያ ያስተማሯቸውን ልጆች ስም ከነአባታቸው የሚጠሩ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ማስታወስን የሚያሠለጥኑ ፕሮግራሞች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ የጠፋው ማስታወሱ ሳይሆን በማስታወስ ላይ ያለው እምነት ከሆነ ግን ሥልጠናው ይህን ይመልሳል? በስልክ ላይ የሚጫኑትን የአእምሮ ጨዋታዎች ከፍሎ መግዛትስ ይጠቅማል? በቤት ውስጥ «ረሳሁት» ሲሉኝስ ፈጥኜ ልንገራቸው ወይስ ልታገሥ?


ዳንኤል፣ ሜሪላንድ

እህቴ ሰብለ፣ እንደምን አሉ? በአረጋውያን ሥነ ልቦና ሙያ የምሠራ ነኝ። እናትዎን የሚመስሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ከእነዚህም መካከል በስተርጅና ወደ ልጆቻቸው አገር የመጡ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮችን መለየትዎ ትክክል ነው። የማስታወስ ችሎታው አንድ ነገር ነው፤ ሰው በዚያ ችሎታ ላይ ያለው እምነት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ ይዛመዳሉ፤ ዝምድናቸው ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው እጅግ ይሳሳል። በ2011 በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና፣ ዝምድና ከሌለ 0፣ ፍጹም ከሆነ 1 በሚሆንበት መለኪያ፣ በአማካይ 0.15 ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ አንድ አረጋዊ «አላስታውስም» ስላሉ ብቻ ማስታወስ አይችሉም ብሎ መደምደም አይቻልም። ይሁን እንጂ እምነቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ምክንያቱም የማያምን ሰው አይሞክርም፣ ያልሞከረ ሰው ደግሞ የሚችለውን ነገር እንደሚችል የሚያይበት አጋጣሚ አያገኝም። እናትዎ ስልኩን ለእርስዎ ባቀበሉ ቁጥር መልእክት ተቀብለው መያዝ መቻላቸውን የሚያዩበት አንድ ዕድል ያመልጣቸዋል።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 ባሳተመው ሥራ፣ ሰው «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚያገኘው አስረድቷል። ከሁሉ የሚበረታው ሠርቶ መሳካቱን በራስ ማየት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው እኩያን የሆነ ሰው ሲሳካለት መመልከት ነው፤ ከዚያም ሌሎች የሚናገሩን ቃል አለ፤ በመጨረሻም በሥራው ጊዜ ሰውነታችን የሚሰማው ድንጋጤ ወይም እርጋታ አለ። እድሩ ላይ የሆነውን በዚህ መነጽር ቢያዩት አራቱም ምንጮች በአንዲት ቅጽበት እንደተመቱ ይገነዘባሉ። እናትዎ ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ በአካባቢያቸው በዕድሜ እኩያቸው የሆነ «እኔም ይገጥመኛል» ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ የሰሙት ቃል «አረጁ» የሚል ነበር፤ ልባቸው እየመታ፣ ፊታቸው እየጋለ ስሙን ለመፈለግ መሞከራቸው ደግሞ ስሙን ይበልጥ አራቀው። የሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ መመለሱ በዕድሜ የሚጨምር የተለመደ ነገር ነው፤ የሚያውቁትን ሰው ስም ለጊዜው ማጣት ብቻውን የመርሳት በሽታ ምልክት አይደለም።

ፍርሃቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ፣ በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ለወጣቶችና ለአረጋውያን አንድ ዓይነት ሥራ ተሰጣቸው። መመሪያው የማስታወስ ፈተና መሆኑን አጉልቶ ሲነገራቸው አረጋውያኑ ከወጣቶቹ አነሱ፤ ያው ሥራ የማስታወስ ነገር ሳይጎላ ሲሰጥ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በቤት ውስጥ «እማዬ፣ ይህን ታስታውሻለሽ?» እያሉ መፈተን ስለማይበጅ ነው ይህን ያነሣሁት።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። በዚህ ዘርፍ ከተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች አንዱ አክቲቭ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። በአሜሪካ በ6 ቦታዎች 2,832 ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ጀምሮ የሆኑ ሰዎች በዕጣ ተመድበው፣ አንዱ ቡድን የማስታወስ፣ ሁለተኛው የማመዛዘን፣ ሦስተኛው ያዩትን በፍጥነት የመለየት ሥልጠና ወሰዱ፤ አራተኛው ቡድን ምንም ሥልጠና አልወሰደም። ሥልጠናው ከ60 እስከ 75 ደቂቃ የሚፈጅ 10 ክፍለ ጊዜ ነበረው። በ2002 በወጣው ውጤት መሠረት ሥልጠናው እንዳለቀ በሠለጠኑበት ችሎታ የሚታመን መሻሻል ያሳዩት በፍጥነቱ ቡድን 87 በመቶ፣ በማመዛዘኑ 74 በመቶ ሲሆኑ፣ በማስታወሱ ቡድን ግን 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ በ2014 በታተመው ክትትል የማመዛዘንና የፍጥነት ሥልጠና ጥቅም አሁንም ይታይ ነበር፤ የማስታወሱ ግን አልቆየም።

ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ከዚሁ ሙከራ የወጣ ሌላ ትንተና ነው። ተሳታፊዎቹ «የአእምሮዬ ሥራ በእኔ እጅ ነው» የሚለው ስሜታቸው ከ5 ዓመት በኋላ ሲለካ፣ በማመዛዘንና በፍጥነት የሠለጠኑት ከሌሎቹ ይልቅ ተሻሽለው ተገኙ፤ ማስታወስን የሠለጠኑት ግን አልተሻሻሉም። እኔ ከዚህ የምረዳው የማስታወስን ብልሃት ብቻ ማስተማር እምነትን በራሱ ይዞ እንደማይመጣ ነው። አንድ ሰው ብልሃቱን ተምሮ፣ ውጤቱም ከፍ ብሎ፣ «ይህ እኮ በክፍል ውስጥ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ እምነቱን ለይቶ ዒላማ ያደረገ ሥልጠና ያስፈልጋል። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ዌስትና ባልደረቦቿ የባንዱራን አራት ምንጮች መሠረት አድርገው ያዘጋጁት ሥልጠና እንዲህ ዓይነቱ ነው። በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥልጠናውን የወሰዱት ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ በማስታወስ ውጤታቸውም በማስታወሳቸው ላይ ባላቸው እምነትም ተሻሽለዋል። የመጀመሪያ ጥያቄዎ መልስ እንግዲህ ይመልሳል የሚል ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ሥልጠናው የተሠራው ለዚያ ከሆነ ነው።

ስለ ስልክ ጨዋታዎች የምለው አጭር ነው። ሉሞሲቲ የተባለውን ጨዋታ የሚያቀርበው ድርጅት ምርቱ በዕድሜ የሚመጣ የአእምሮ መዳከምን እንደሚከላከል በማስታወቂያ ተናግሮ በቂ ማስረጃ ስላልነበረው፣ በ2016 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ2 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ጨዋታ የሚወዱ ከሆነ ይጫወቱ፤ ሰው በብዛት የሚሻሻለው ግን በዚያው በሚጫወተው ጨዋታ ስለሆነ፣ የእናትዎ ችግር ያለበት ቦታ እድሩና ገበያው ሆኖ ሳለ ገንዘብዎን እዚያ ላይ እንዲያውሉ አልመክርም።


ጡረተኛው፣ ደብረ ማርቆስ

ልጄ ሰብለ፣ እኔ በዕድሜ ከእናትሽ የምበልጥ ሰው ስለሆንሁ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ልንገርሽ። አቶ ዳንኤል ያብራሩት እውነት ነው። አንድ ስም አልመጣ ሲል የሚያስጨንቀው ስሙ መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ አጠገብ ያለው ሰው ፊት ነው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የጀመርሁትን ዐረፍተ ነገር ከአፌ ነጥቆ ሲጨርስልኝ፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል ቢታገሠኝ የሚመጣው ቃል በዚያው ይቀራል። ልጆቹ ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን እየቆየ ሲሄድ ሰውየው መፈለጉን ይተዋል፤ ጥያቄ ሲቀርብለት ሰውነቱ አስቀድሞ ወደ ልጁ ይዞራል። እናትሽ ፊታቸውን ወደ አንቺ የሚያዞሩት ለዚህ ይመስለኛል። ታገሺ። እጅግ ከዘገየባቸውም ስሙን ሙሉ በሙሉ አትንገሪያቸው፤ «ያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖረው፣ በቅሎ የነበረው» ብለሽ መንገዱን አሳዪአቸውና ራሳቸው ይድረሱበት።

ሁለተኛው ነገር፣ እናትሽ ማስታወስ የሚባለውን ሥራ ከእኛ ዘመን ሰዎች ሁሉ ጋር የተማሩት እንጂ አዲስ የሚጀምሩት አይደለም። እኔ በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። ዳዊት ስንማር የንባቡ ትምህርት በቀን ነበር፤ የቃሉ ግን ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ውስጥ ነበር። የኔታ የትናንቱን በቃላችን ሳንወጣ አዲስ አይሰጡንም ነበር፤ ደግሞም የዛሬውን የሚያስጨርሱን የትናንቱንና የሰሞኑን ካስወጡን በኋላ ነው። ያ ትምህርት ዛሬም አልለቀቀኝም። እናትሽም መምህርት እንደመሆናቸው በተማሪዎቻቸው ላይ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። «ሥልጠና» ስትያቸው እንደ በሽተኛ የተቆጠሩ ከመሰላቸው፣ የሚያውቁትን የማስተማር ጥበብ በራሳቸው ላይ እንዲሠሩበት ጠይቂያቸው፤ እርሳቸው ይምሩት፣ አንቺ ተከተያቸው።

እኔ የምጠቀምበትን አንድ ነገር ልጨምር። ልረሳው የማይገባኝ ጉዳይ ሲኖረኝ ቤቴን በሐሳቤ እዞራለሁ። ከበሩ እጀምራለሁ፤ ከበሩ ቀጥሎ መደቡ አለ፣ ከመደቡ ቀጥሎ ምሰሶው፣ ከዚያም ቁም ሳጥኑ፣ ከዚያም ጓዳው። በበሩ ላይ የመብራት ሂሳብ የሚከፈልበትን ወረቀት ተለጥፎ አየዋለሁ፤ በመደቡ ላይ ልጠይቀው የሚገባኝ የታመመ ወዳጄ ተቀምጧል፤ ምሰሶው ላይ የማስጠግነው ጫማ ተንጠልጥሏል። ከቤት ስወጣ ከበሩ ተነሥቼ ስሄድበት ሁሉም በየቦታው ይጠብቀኛል። ለስም ደግሞ የእኛ አገር ስም ምቹ ነው፤ ወርቅነሽ የምትባለውን ሴት የወርቅ ሀብል አድርጋ በሐሳቤ አያታለሁ፣ ብርሃኑ የሚባለውን ፋኖስ አስይዘዋለሁ። ሰው ሲያስተዋውቁኝ ስሙን ደግሜ እጠራዋለሁ፤ የአባቱንም ስም እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ረሳን የምንለው ነገር መጀመሪያም ልብ ያላልነው ነውና።


ሲስተር ሐና፣ ባሕር ዳር

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ነገር ግን በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትን መናገር አለብኝ፤ ወደ ልምምዱ ከመግባታችሁ በፊት ማስታወስን ከጎን ሆነው የሚያደክሙ ነገሮች መጣራት አለባቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮ ነው። አንድ አባት ቤተሰቦቻቸው «የነገርናቸውን ሁሉ ይረሳሉ» ብለው ይዘዋቸው መጡ። ከፊታቸው ቆሜ ሳነጋግራቸው ይመልሱልኛል፤ ወረቀት ለመጻፍ ጎንበስ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ፈገግ ብለው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ሐኪሙ ጆሯቸውን በመብራት ሲያይ በኩክ ተደፍኖ አገኘው። ኩኩ ወጥቶላቸው ሲቀመጡ የልጃቸውን ስልክ ጥሪ ከመተላለፊያው ሰምተው ዘወር አሉ። እኚህ ሰው የተነገራቸውን አልረሱትም፤ መጀመሪያም አልደረሳቸውም። የመስማት መቀነስ ከዚህም በላይ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ የመርሳት በሽታን ሊያመጡ ከሚችሉ፣ ነገር ግን ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች መካከል የመስማት መቀነስ፣ የማየት መቀነስ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ድባቴና ከሰው መገለል ይገኙበታል፤ 14ቱ በአንድነት 45 በመቶ ለሚሆነው የበሽታው ሸክም መነሻ እንደሚሆኑ ገምቷል። ከሰው መገለል በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ልብ በሉልኝ፤ እናትሽ ከእድሩ መውጣታቸው በራሱ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ለእንቅልፍ፣ ለአለርጂ ወይም ለሕመም ተብለው የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን ወይም እንቅልፍ የሚያመጡት የድሮ የአለርጂ ኪኒኖች፣ በአረጋውያን ላይ የማስታወስ ችሎታን ያደበዝዛሉ። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሐኪሙ እንዲያያቸው አድርጊ፤ በራስሽ ግን አታቋርጪ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መዛባት በደም ምርመራው ውስጥ ታይተው እንደሆነም ጠይቂ። እንቅልፍና ሐዘንም መጠየቅ አለባቸው፤ ድባቴ ያለበት ሰው «ረሳሁ» ብሎ ማማረሩ የተለመደ ነው።


ሚካኤል፣ አዳማ

ሁሉም የጠቀሱት ጠቃሚ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። እናቴ ሁሉን ነገር በወረቀት ላይ እየጻፉ በየግድግዳው ይለጥፋሉ። ወረቀቱ ማስታወስን ያሰንፋል ብዬ መከልከል ጀምሬ ነበር፤ ትክክል ይሆን?


ዳንኤል፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ ሚካኤል፣ አይከልክሏቸው። ማስታወሻ መያዝ ጤናማ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ የመድኃኒትና የቀጠሮ ነገር ደግሞ ምንጊዜም መጻፍ አለበት። ጥያቄው ወረቀቱ መቼ ይነበባል የሚለው ላይ ነው። ሰው ለማስታወስ ሳይሞክር ወረቀቱን ካየ፣ መቻሉን የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ አስቀድሞ ሞክሮ ከዚያ ወረቀቱን ቢያይ ግን ወረቀቱ የችሎታው ምስክር ይሆናል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጥንተው እንዳሳዩት፣ የተማሩትን ደግመው ካነበቡት ይልቅ ራሳቸውን እየፈተኑ ከአእምሯቸው ያወጡት ከቀናት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል። የቄስ ትምህርት ቤቱን ጨለማ የነገሩን አባት ይህን ከእነርሱ ብዙ ዘመን አስቀድመው በተግባር ያውቁታል።

ለሰብለም ለሚካኤልም፣ ይህን በገበያ ነገር ላይ እንዴት እንደሚሠሩበት ልግለጽ። የሚገዛው ዕቃ ስድስት ወይም ሰባት ይሁን። እናትዎ ዝርዝሩን ይጻፉት፤ ከዚያ በሚሠራው ነገር ይመድቡት። ለወጡ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት፤ ለቡናው ደግሞ ቡና፣ ስኳርና ከሰል። አሁን የሚይዙት ሰባት ነገር ሳይሆን ሁለት ነው፤ ወጡ የራሱን ዕቃዎች ይጠራል፣ ቡናው የራሱን። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ያስገቡትና ሱቁ ሲደርሱ በቃላቸው ይዘዙ፤ ከመውጣታቸው በፊት ወረቀቱን አውጥተው ያመሳክሩ። እርስዎ አብረው ካሉ ከሱቁ ውጭ ይቆዩ። ሦስት ከያዙ ሦስቱን እንዴት እንደያዙ ይጠይቋቸው። «ጎበዝ» ማለት ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ «በወጡ በኩል ስለሄድሽ ሽንኩርቱን አላጣሽውም» የሚለው ግን መቻላቸው በዕድል ሳይሆን በሠሩት ሥራ የመጣ መሆኑን ያሳያቸዋል። ደጋግሞ ሲሳካ አንድ ዕቃ ይጨምሩ፤ ሳይሳካ ሲቀር ወደ ነበረው ይመለሱ። ቁጥሩን ከማንም ጋር አያወዳድሩት፤ ከራሳቸው ካለፈው ጊዜ ጋር ብቻ ያስተያዩት።


ሰብለ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ጡረተኛው አባታችን የጻፉትን ሳነብላቸው «እኚህ ሰው እውነታቸውን ነው» ብለው እንደገና አስነበቡኝ። የገበያውንም ነገር ጀምረናል፤ ዝርዝሩን በመመደብ በኩል እኔን የሚያርሙኝ እርሳቸው ሆነዋል። የጆሮ ምርመራ ቀጠሮም ይዘናል። አሁን የሚከብደኝ እድሩ ነው። ሰብሳቢው መዝገቡን ሊመልሱላቸው ፈቃደኛ ናቸው፤ እናቴ ግን የሰብሳቢውን ስም ገና ስጠራ ይደነግጣሉ። ልግፋፋቸው ወይስ ልተዋቸው?


ዳንኤል፣ ሜሪላንድ

እህቴ ሰብለ፣ መዝገቡን በአንድ ጊዜ እንዲቀበሉ አይግፏቸው፤ ከእድሩ እንዲቀሩም አይተዉአቸው። በመካከሉ ብዙ ደረጃ አለ። መጀመሪያ ምንም ኃላፊነት ሳይኖራቸው ተገኝተው ይቀመጡ፤ ከወዳጆቻቸው ሁለቱ አስቀድመው ቢያውቁና አጠገባቸው ቢሆኑ መልካም ነው። ከእነርሱ አንዳቸው ስም እንደሚጠፋባቸው በግልጽ ቢነግሯቸው ደግሞ የበለጠ ይረዳል፤ ይህ ቀደም ብዬ ከጠቀስኋቸው አራት ምንጮች ሁለተኛው ነው። ቀጥሎ ከአዲሱ ጸሐፊ ጎን ተቀምጠው ያልከፈሉትን በመለየት ያግዙ። ስም ከተጻፈበት መዝገብ እያነበቡ መጥራትና ስምን ከባዶ ማውጣት ለአእምሮ እኩል አይደሉም፤ በዕድሜ ይበልጥ የሚዳከመው ሁለተኛው ነው፤ አይቶ መለየት ግን በአመዛኙ ይቆያል። የእድር ጸሐፊ ሥራ አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ ከመዝገቡ ማንበባቸው ድክመት ሳይሆን የሥራው ደንብ መሆኑን ሰብሳቢው ራሳቸው በስብሰባ ላይ ቢናገሩላቸው ጥሩ ነው። ያንን የቀለዱ ሰውም አስቀድሞ በግል ቢነገራቸው አይከፋም።

ስም ከጠፋባቸው የሚሉትን ነገር ደግሞ አብራችሁ አዘጋጁ። «ስምዎ አፌ ላይ ነው፣ ይመጣል፤ እስከዚያው እንቀጥል» ብሎ መናገርን በቤት ውስጥ ደጋግመው ቢለምዱት በዚያች ሰዓት ድንጋጤው ይቀንሳል፤ ድንጋጤው ሲቀንስ ስሙ ራሱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ ምርመራቸው ጤናማ ለሆነ ሰው ነው። የሚያውቁት መንገድ ከጠፋባቸው፣ አንድ ጥያቄ በአጭር ጊዜ ውስጥ መልሰው መላልሰው ከጠየቁ፣ ሲቆጣጠሩት የኖሩትን ገንዘብ ማስተዳደር ከተሳናቸው፣ ወይም ጠባያቸው ከተለወጠ ልምምዱን ይዘው አይቆዩ፤ ወደ ሐኪም ይመልሷቸው። በተለይ እርሳቸው ስለ መርሳታቸው ማማረር ትተው እናንተ መርሳታቸውን ይበልጥ የምታስተውሉ ከሆነ ጊዜ አትስጡት።